ያገለገለ ማሽን፦ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ወይስ ኢንቨርተር?

ያገለገለ የእንጨት መላጊያ ማሽን ልትገዛ ነው እንበል። ከዋጋው በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ በጨርቅ ጠረግ አድርገህ አንብብ። 3 ኪሎዋት ከሆነ በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ኃይል) 7 አምፒር ገደማ ይስባል። ያው ጉልበት በ220 ሲንግል ፌዝ፣ ማለትም በተራው የቤት መስመር፣ ወደ 20 አምፒር ይጠጋል፤ ከእንጀራ ምጣድ ጋር አብረህ ካበራኸው የቤቱ ቆጣሪ አይችለውም።

ሦስት ፌዝ ማስገባት ወጪም ደጅ ጥናትም አለው፣ ግን ነገ ሁለተኛ ማሽን ስትጨምር ራስ ምታት የለም። ለወርክሾፕ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ለአንድ ማሽን ብቻ ከሆነ ኢንቨርተር (የቤቱን ሲንግል ፌዝ ለሞተሩ ወደ ሦስት ፌዝ የሚቀይር መሣሪያ፤ የባትሪው ወይም የሶላሩ አይደለም) ይሻላል። ሞተሩን ቀስ አድርጎ ስለሚያስነሳው አምፖሉ እንኳ አይደበዝዝም። ችግሩ፣ 220 ሲንግል ፌዝ የሚገባው ተራ ኢንቨርተር የሚያወጣውም 220 ሦስት ፌዝ ነው። ቆርቆሮዋ ላይ 220/380 ካለ ሞተሩ በ220ም ስለሚሠራ በዴልታ (ጥቅልሎቹን በሦስት ማዕዘን አገናኝተህ) አስረህ ትገላገላለህ። 380/660 ካለ ግን 220 ስለማይበቃው እርሳው፣ እንጨቱ ሲገባ ሞተሩ ያቃስትና ቀጥ ይላል።