ኳሱን ሳያስጥለው የልጄን ጉልበት ላከመልኝ ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ ልጽፈው እያሰብኩ፣ «ልጁ በደንብ ይሻለው፣ ያኔ አመሰግናለሁ» እያልኩ ሳቆየው ከረምኩ። አሁን ስለተሻለው ምስጋናዬን ላድርስ። የማመሰግነው አንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠራው ስለለመነኝ ቃሉን አከብራለሁ፤ ማን እንደሆነ ማወቅ የምትፈልጉ ግን ኢንቦክስ ጻፉልኝ።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ጃን ሜዳ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ኳስ ይጫወታል፤ ተኝቶም የሚያልመው ኳስ ነው። የካቲት አካባቢ ከልምምድ ሲመለስ የቤታችንን ደረጃ ብረቱን እየያዘ፣ አንድ እግሩን እያስቀደመ ሲወርድ አይ ነበር። «ደክሞት ነው» ብዬ አለፍኩት። የነቃሁት የስቅለት ዕለት ነው። ግቢው ውስጥ ከወንዶቹ ወገን ሆኖ ሲሰግድ ከሩቅ እያየሁት ነበር። ጉልበቱ መሬት ሊነካ ሲል ሁለት እጁን ቀድሞ ይተክልና ቀኝ እግሩን ወደ ጎን ያሸሻል። ሲነሳም ከንፈሩን ነክሶ ነው። ማታ ሱሪውን ሰብስቤ ሳየው፣ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ፣ ቅልጥሙ አናት ላይ፣ የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል ጠንካራ እብጠት ወጥታለች። ነካ ሳደርጋት ጮኸ።

ከልጇ አጥንት ላይ እብጠት ያየች እናት ምን እንደምታስብ መናገር አያስፈልገኝም። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

እናቴ «ብርድ መቶት ነው» ብላ ቅባት አሞቀችለት። ወጌሻም ዘንድ ወስጄዋለሁ፤ እብጠቷን አጥብቆ አሸለት፣ በማግስቱ ልጁ እግሩን ማጠፍ አቃተው። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ሳይነካው የህመም ማስታገሻ ጽፎ፣ «ለሁለት ዓመት ስፖርት የሚባል ነገር እንዳያይ» ብሎ ሸኘን። ልጄ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። ቤት ሲደርስ የኳስ ጫማውን አጥቦ በፌስታል ቋጥሮ አልጋው ስር ከተተው። የሞተ ሰው ዕቃ እንደሚሰበሰብ ነበር የሰበሰበው፤ ያንን አይቼ ነው ሌላ ሰው ላፈላልግ ያልኩት።

ይህ ባለሙያ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው። «በሳምንት ስንት ሰዓት ይጫወታል?» ሲለኝ «ሦስት ቀን ልምምድ አለው» አልኩ። «የትምህርት ቤቱስ? የሰፈሩስ?» አለና ወረቀት አውጥቶ ከልጁ ጋር መቁጠር ጀመሩ። ፕሮጀክቱ፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜው፣ ማታ ማታ ኮብልስቶን ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር የሚጫወተው፣ የእሁድ ግጥሚያ። ሲደመር 17 ሰዓት መጣ። እኔ እናቱ አላውቅም ነበር! በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሳምንት የሚሰለጥንበት ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር ባይበልጥ ይመከራል አለኝ። የልጄ በአራት ሰዓት አልፎ ነበር።

ቀጥሎ «በቅርቡ ቁመቱ ጨምሯል?» አለ። ሳቄ መጣ። በመስከረም ያሰፋሁለት የዩኒፎርም ሱሪ ጥር ላይ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጥቶ፣ እጥፋቱን ፈትቼ አስረዝሜለት ነበር። «እንግዲህ ነገሩ እሱ ነው» አለኝ።

ልጁን በጀርባው አስተኝቶ መጀመሪያ የመረመረው ጉልበቱን ሳይሆን ዳሌውን ነው። ጉልበቱን አጥፎ ጭኑን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አዞረው። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ሲታመም ህመሙ ጉልበት ላይ ሊሰማ ስለሚችል ዳሌውን ሳያይ ስለ ጉልበት አይናገርም። ያ ሰላም መሆኑን ሲያረጋግጥ ልጁን ከአልጋው ጠርዝ አስቀመጠውና የራሱን ጣት እብጠቷ ላይ አስደረገው። «እግርህን ቀስ ብለህ ዘርጋ» አለው። ሲዘረጋ ከሎሚው ስር ያለው ጅማት እንደ ክራር ክር ተወጠረ፤ ልጄ በጣቱ ተሰማው፣ እኔም በዓይኔ አየሁት።

የነገረንን በገባኝ መጠን ልጻፈው። ከጭናችን ፊት ያለው ትልቅ ጡንቻ በጉልበት ሎሚ በኩል አልፎ፣ በአንድ ጠንካራ ጅማት አማካይነት ቅልጥም አናት ላይ ይታሰራል። ስንሮጥ፣ ስንዘል፣ ኳስ ስንመታ፣ ድንገት ስንቆም ያ ጅማት ይጎትታል። ትልቅ ሰው ላይ የታሰረበት ቦታ ደርቆ የጠነከረ አጥንት ነው። ታዳጊ ልጅ ላይ ግን ያቺ ቦታ ገና የምታድግ ለጋ አጥንት ናት። በዚያ ላይ ልጁ ድንገት ሲመዘዝ አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻው ወዲያው አይከተለውም፤ ስለዚህ ገና ቆሞ ሳለ እንኳ ጅማቱ የተወጠረ ነው። በዚህ ውጥረት ላይ የ17 ሰዓት ሩጫና ዝላይ ሲጨመርበት ለጋው ቦታ በየቀኑ ይጎተታል፤ ሳያገግም እንደገና ይጎተታል። ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሰውነትም እዚያው ላይ አጥንት ይጨምርበታል። እብጠቷ ያቺ ናት እንጂ የፈራሁት ነገር አይደለችም።

የህመሙን ስም ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። በ1903 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮበርት ኦስጉድና የስዊዘርላንዱ ካርል ሽላተር እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የገለጹት ህመም ነው። ወንዶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት፣ ሴቶች ቀድመው ስለሚያድጉ ከ8 እስከ 12 ዓመት ይታያል። የሚሮጡ፣ ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ የሚጫወቱ ሴት ልጆች ያሏችሁ፣ የወንድ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ለዚህች ንግግሩ ነው፦ «ኳሱን አይከልክሉት፣ ለክተው ይስጡት።» ጨርሶ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ እንደማያስፈልግ፣ ጡንቻው ከላላ ሲመለስ ህመሙም አብሮ ሊመለስ እንደሚችል አስረዳን። ለልጁ አንድ ደብተር አስያዘው። ከልምምድ በኋላና በማግስቱ ጠዋት ህመሙን ከ10 ስንት እንደሆነ ይጽፋል። እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ከበረደ ይቀጥላል፤ ከዚያ ካለፈ በሚቀጥለው ቀን ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ዝላይ፣ የፍጥነት ሩጫና ኮብልስቶን ላይ መጫወት ቀረ፤ ቅብብልና ኳስ ማንጠባጠብ ቀጠለ። ቤት ውስጥ ከጉልበቱ ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ የጭኑን ጡንቻ ማጥበቅ፣ የጭኑን የፊትና የኋላ ጡንቻ እንዲሁም ባቱን ማሳሳብ፣ ሲያመው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ። እብጠቷን ማሸት ፈጽሞ አይሆንም! ሲሻለው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ማለት፣ ቆይቶ ቀላል ዝላይ።

ደግሞ ለአሰልጣኙ እኔ ፊት ደወለለት። «ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ደረጃ መውጣቱንና የእንቁራሪት ዝላዩን ለጊዜው ተውለት» ብሎ በጨዋ ቃል አስረዳው። አሰልጣኙም፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሰማው፤ አሁን ሌሎቹንም ልጆች ጉልበታችሁን ያማችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

የተመላለስነው አራት ጊዜ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ኑ ብሎ ማስከፈል ይችል ነበር። «የሚሰራው ቤት ውስጥ ነው» ብሎ መለሰን። ፊዚዮቴራፒ ማለት ማሸት ለሚመስላችሁ፣ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋሞቻችን በዲግሪ የሚማሩት ሙያ ነው።

ዘንድሮ በፍልሰታ ልጄ እንደ ሰው ሰገደ። አጣጥፎ ስስ ጋቢ ከጉልበቱ ስር አነጠፈ እንጂ እግሩን አላሸሸም። እብጠቷ አለች፤ ላትጠፋም እንደምትችል ነግሮናል። ቁመቱ በአንድ ጊዜ ሲመዘዝ ህመሙ ብቅ ሊል ይችላል፤ አጥንቱ አድጎ ሲጠነክር ግን አብዛኞቹ ልጆች ይገላገሉታል። ልጁ ደብተሩን አልተወም፤ ሰሞኑን በአብዛኛው የሚጽፈው 0 እና 1 ነው።

አደራ የምላችሁ፣ የጉልበት ህመም ሁሉ ይሄ አይደለም። ልጁን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ መገጣጠሚያው ራሱ አብጦ ከሞቀ፣ ብሽሽቱን እያመመው የሚያነክስ ከሆነ፣ ወይም ዘልሎ ሲያርፍ ድንገት «ቋ» ብሎ እግሩን መዘርጋት ካቃተው፣ ውላችሁ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ባለሙያው ራሱ ሁለት ጊዜ ያስጠነቀቀኝ ነው።

ለባለሙያው፦ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ። ያ ጫማ ከአልጋው ስር ወጥቷል።

ለምትሄዱ ወላጆች፦ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ወረፋ ይበዛበታል። ልጁ ቁምጣ ይልበስ፣ የሚጫወትበትንም ጫማ ያዙ፤ ሶሉን ገልብጦ ያየዋል። የሳምንቱንም ሰዓት ቤት ቆጥራችሁ ሂዱ።