ነጻውን ቻናል በውል አስረው ሊሸጡላችሁ ነው

አትላንታና ዙሪያዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ቤት ለቤት ከሚዞሩ የኬብል ሻጮች ተጠንቀቁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እኛ ሕንጻ የመጣው ልጅ "ወንድሜ፣ እህቴ" እያለ በአማርኛ ነው የሚያግባባው። ሎካል ቻናል በሙሉ አለን፣ የእንግሊዝ ኳስ አለን፣ ዋጋው ለሁለት ዓመት አይነካም ይላል።

ጎረቤቴ ፈረመ። የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ አብረን አየነው። ከተነገረው ዋጋ በላይ "የብሮድካስት ቲቪ ክፍያ" የሚል መስመር ተጨምሯል። ደውለን ስንጠይቅ "የመንግሥት ነው" አሉን። ዓይን ያወጣ ውሸት! እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአሜሪካ የኬብል ሕግ የአካባቢ ጣቢያዎች ስርጭታቸውን ከሚያስተላልፈው ኬብል ድርጅት ገንዘብ መጠየቅ እንዲችሉ አድርጓል። ድርጅቱ ለጣቢያዎቹ የሚከፍለውን ወደ ደንበኛው ያዞረዋል፣ ያ ነው መስመሩ። ውሉን ስናገላብጠው ደግሞ "አይነካም" የተባለው ዋናው ዋጋ ብቻ ነው። ይሄኛው በየጊዜው ሊጨምር ይችላል። የስልክና የቴሌቪዥን ሥራን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ በ2024 ባወጣው ደንብ ኬብልና ሳተላይት ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ክፍያ ደምረው ጠቅላላውን ዋጋ እንዲያሳዩ አዟል። ሻጩ ግን በቃል ሲያወራ ይዘለዋል።

የሚያናድደው፣ እነዚህ የአካባቢ ቻናሎች በአየር ላይ በነጻ የሚመጡ ናቸው። ኤቢሲ ቻናል 2፣ ፎክስ ቻናል 5፣ ኤንቢሲ ቻናል 11 ላይ አለ። ሲቢኤስ ከነሐሴ 2025 አጋማሽ ጀምሮ ከቻናል 46 ወጥቶ ወደ 69 ዞሯል። 46 አሁን ራሱን ችሎ ነው የሚሠራው። ሻጩ የበተነው ወረቀት ላይ ግን ሲቢኤስ ገና 46 ላይ ነው። የሚሸጠውን እንኳን አያውቀውም ማለት ነው። ለጣቢያዎቹ ማሰራጫ ማማዎች ቅርብ ከሆናችሁ መስኮት ላይ የምትለጠፍ ተራ አንቴና ሁሉንም ታመጣለች። አከራይ ከለከለኝ የምትሉ፣ የራሳችሁ በረንዳ ላይ እንዳትሰቅሉ ሊከለክላችሁ አይችልም፤ ከ1999 ጀምሮ ለተከራይም የሚሠራ የፌዴራል ደንብ አለ።

ወደ ኳሱ ልምጣ፣ ብዙዎቻችንን የሚያስፈርመን እሱ ነውና። አሜሪካ ውስጥ የፕሪሚየር ሊግ መብት የኤንቢሲ ነው። ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ በአትላንታ ሰዓት 12:30 ፒኤም ላይ የሚደረገው ጨዋታ በዋናው ኤንቢሲ ይተላለፋል። ያ እንግዲህ በአንቴና በነጻ የሚታይ ነው። ሌሎቹ ዩኤስኤ ኔትወርክ በሚባለው የኬብል ቻናልና ፒኮክ በሚባለው አፕ ይከፋፈላሉ። ፒኮክ ላይ ብቻ የሚወጣውን ጨዋታ ኬብል ስላስገባችሁ ብቻ አታዩትም። የአርሴናል ደጋፊው ጎረቤቴ ሁለቱንም እየከፈለ ነው፣ ምን ይደረግ።

አንቴና ስትገዙም ዓይናችሁን ክፈቱ። "500 ማይል ይስባል" የሚል ካርቶን ካያችሁ እለፉት። የመሬት ክብነት ራሱ ስለሚጋርደው የቴሌቪዥን ሞገድ ከ60 እና 70 ማይል ብዙም አያልፍም። ሲኤንኤንና ኢኤስፒኤን በአንቴና ይመጣሉ የሚላችሁም እየዋሸ ነው።

አሁን ፈርማችሁ ከሆነ ቶሎ በሉ። ቤታችሁ መጥቶ ለሸጠላችሁ ነገር፣ ከ25 ዶላር በላይ ከሆነ፣ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፣ እሁድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም። ሻጩ የመሰረዣ ቅጽ በሁለት ኮፒ ሊሰጣችሁ ግዴታው ነው። አንዱን ፈርማችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ከሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት በፊት በፖስታ ላኩ። ስልክ ብቻ ደውላችሁ እንዳትተዉት። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም አስቀምጡ።