ሴፍቲኔት በገጠር፣ ሴፍቲኔት በአራት ኪሎ

ማለዳ አራት ኪሎ ላይ መጥረጊያ የያዙ እናቶችን ሳይ ገጠሩ ትዝ ይለኛል። ሴፍቲኔት ለችግረኛ ቤተሰቦች፣ በአብዛኛው በሥራ ምትክ፣ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። የገጠሩ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የከተማው በ2009 መጣ፤ አዲስ አበባም ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች።

ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ክፍያው ብር ወይም እህል ነው። የከተማዋ እናት ታጸዳለች፤ የምታገኘው ብር ነው፣ ከእሱም ላይ ትቆጥባለች። አቅም የሌላቸው አረጋውያን በሁለቱም ቦታ ያለ ሥራ ይደገፋሉ።

ትልቁ ልዩነት ጓዳው ላይ ነው። ዝናብ ከሰመረ ገበሬው ከማሳው ይበላል። እሷ ግን ጤፉንም ሽንኩርቱንም የምትገዛው ከገበያ ነው። ዋጋ ሲንር ብሩ የትም አይደርስም። ስለዚህ የከተማው ድጋፍ ቶሎ የሚያልቅ ይመስለኛል።

«ጥገኛ» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ገበሬው ነው። ይሄ አይዋጥልኝም። እስከ 2014 ድረስ የነዳጅ ድጎማው ለሁሉም ነበር፤ ቪ8 ለሚነዳውም ጭምር። እሱን ማን ተረጂ አለው? የቀበሌ ቤትስ? ፒያሳ የኖረው አጎቴ የወር ኪራዩ ከአንድ ሽሮ ዋጋ ያንስ ነበር። እሱም ቡናውን ፉት እያለ ገበሬውን ያማል።