ላይቭ ሼር ለማሠልጠን ይሆናል? ጋባዡ ማን እንደሆነ ይወስነዋል

ጁኒየር ፕሮግራመርን በርቀት በስክሪን ሼር ለሚያሠለጥን ሲኒየር የማይክሮሶፍት ላይቭ ሼር ግልጽ እድገት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ ሙከራ የተለቀቀ፣ ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ በነጻ የሚጫን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ) ነው። የሚልከው የስክሪን ምስል ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን ስለሆነ ኔትወርክ ሲደክም ፊደሉ አይደበዝዝም። ሁለቱም በየራሳቸው ጠቋሚ አንድ ፋይል ላይ ይጽፋሉ።

ስህተቱ የሚጀምረው የመጋበዣው ሊንክ ሲላክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጋብዘው ሲኒየሩ ነው፤ ፕሮጀክቱ እሱ ማሽን ላይ ተስተካክሎ ስለሚሠራ ይቀለዋል። ነገር ግን በላይቭ ሼር ኮዱ ያለው በጋባዡ ማሽን ላይ ብቻ ነው። የፕሮጀክቱ ሰርቨርም እዚያው ይነሳል፤ ጋባዡ ሲወጣ ሁሉም ይዘጋል። ሁለት ሰዓት ስትጽፍ የቆየችው ጁኒየር ላፕቶፕ ላይ አንድ መስመር አይቀርም። የጎደለ ፓኬጅ፣ ያረጀ የኖድ ቨርዥን፣ እምቢ ያለ ዳታቤዝ፦ ጀማሪን የሚያስጨንቁት እነዚህ ናቸው፣ በሲኒየሩ ማሽን ላይ ግን አንዱም አይታይም። ስለዚህ ጋባዧ ጁኒየሯ ትሁን።

መብራት ቢጠፋስ? እሷ ስትቋረጥ ሴሽኑ ይቆማል፣ እንደገና ስትከፍት አዲስ ሊንክ መላክ አለባት። ኮዱ ግን እሷው ዲስክ ላይ ነው። አውቶ ሴቭ ማብራትና በየ25 ደቂቃው ኮሚት ማድረግ (ለውጡን በጊት መመዝገብ) ጉዳቱን ወደ ጥቂት መስመር ያወርደዋል።

ተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ በነባሪው ለእንግዳ ማየት ብቻ ነው የሚፈቅደው። እንደዚያው ይቆይ። የመጻፍ ፈቃድ የተሰጠው እንግዳ በጋባዧ ማሽን ላይ የፈለገውን ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል። ከደኅንነቱም ባሻገር፣ ትእዛዙን ራሷ ካልጻፈችው በሚቀጥለው ቀን አታስታውሰውም። ሌላው ወጥመድ የይለፍ ቃል ያለበት የኢኤንቪ (.env) ፋይል ነው። ጊት እንዲተዋቸው ጊትኢግኖር (.gitignore) ውስጥ የተመዘገቡ ፋይሎች በነባሪው ከዝርዝሩ ይደበቃሉ እንጂ አይቆለፉም፤ ጋባዧ ከከፈተቻቸው እንግዳውም ያያቸዋል። ፈጽሞ ለመከልከል በፕሮጀክቱ ሥር በነጥብ የሚጀምር ቪኤስኤልኤስ ጄሰን (.vsls.json) የተባለ ፋይል ተፈጥሮ ስማቸው በኤክስክሉድ (excludeFiles) ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። እንዲያም ሆኖ ተርሚናል ላይ የታተመ ሚስጥር ሚስጥር አይደለም።

ሲኒየሩ ሲገባ እይታው የጋባዧን ጠቋሚ ተከትሎ ይሄዳል። ራሱ መጻፍ ሲጀምር መከተሉ ይቋረጣል። ሳይታሰብ የተገኘ ጥሩ ማንቂያ ነው፤ በአንድ ሴሽን አምስት ስድስት ጊዜ ከተቋረጠ ሥራውን እሱ እየሠራላት ነው ማለት ነው። «መስመር 42 ላይ ሪተርን ጨምሪ» ማለትም ኪቦርዱን ከመቀማት ብዙም አይለይም። «ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢመጣ ይህ ፈንክሽን ምን ይመልሳል?» ብሎ ጠይቆ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ይሻላል። ዝምታው ለሲኒየሩ ረጅም ነው፣ ለእሷ ግን ኮዱን አንድ ጊዜ አንብቦ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ኮድ የሚጠቁመው ኤአይ ረዳት ኮፓይለትም ለሴሽኑ ይጥፋ፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ስክሪኑ ላይ ይዘረግፈዋል።

ለድምፅ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ የቴሌግራም ጥሪ ይበቃል። ግንኙነቱ ቀርፋፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ፋየርዎል ነው። ላይቭ ሼር ሁለቱን ማሽኖች በቀጥታ ለማገናኘት ከ5990 እስከ 5999 ያሉትን ፖርቶች ይሞክራል፤ ካልተሳካ በማይክሮሶፍት ሰርቨር በኩል ያዞረዋል። አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ዋሽንግተን ከሆኑ ዞሮ መሄዱን መቀበል ነው። ቀጠሮውንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መላክ ያዋጣል፦ የአዲስ አበባ ምሽት 2 ሰዓት ዋሽንግተን ላይ በሰመር 1 ፒኤም ነው፣ በክረምታቸው ደግሞ እኩለ ቀን።