የጥንት የባሕር ካርታ ስትገዙ ጀርባውን ሳታዩ አትክፈሉ

850 ዩሮዬን በልተውኛል። እናንተም እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ ሆላንድ ስኖር የጥንት የባሕር ካርታ ፍቅር ያዘኝ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአምስተርዳም አሳታሚዎች የባሕር አትላስ፣ ማለትም የካርታ መጽሐፍ፣ ለመርከበኞች ይሸጡ ነበር። ከነሱ አንዱ ፒተር ጎስ ነው። እ.ኤ.አ በ1666 ባወጣው አትላስ ውስጥ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ሕንድ የሚዘልቅ ካርታ አለ። የእኛ የአፍሪካ ቀንድም እዚያ ላይ ይታያል። ሳሎኔ ውስጥ ልሰቅለው ለዓመታት ተመኘሁ።

በመጨረሻ ከአንድ ሻጭ በኢንተርኔት ገዛሁት። ማስታወቂያው «ጎስ፣ 1666፣ የባሕር ካርታ» ይላል። ማረጋገጫ ወረቀትም አብሮት መጣ። ደስ ብሎኝ ፍሬም ሊሠራለት ወሰድኩት። ፍሬም ሠሪው ሽማግሌ ማጉያ መነጽሩን አንስቶ አየና ዝም አለ። ከዚያ መነጽሩን ለእኔ ሰጠኝ።

መስመሩ ሁሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣብ ነው። የዛሬ ማሽን ሥራ!

የዚያን ጊዜ ካርታ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጽ ነበር። ቀለም ይሞላና እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በኃይል ይጫናል። ስለዚህ የሰሌዳው ጠርዝ በካርታው ዙሪያ የጎደጎደ መስመር ይተዋል፤ በጣት ይዳሰሳል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት ደግሞ ከተሠራበት ወንፊት የቀሩ ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። በእጅ የተቀባ ከሆነ ጀርባውን እዩ። ከመዳብ የሚሠራው የድሮ አረንጓዴ ቀለም ወረቀቱን እየበላ ጀርባው ላይ ቡናማ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይወጣል። የእኔ ካርታ ጀርባ ግን ንጹሕ ነጭ ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ ግን መሐሉ ላይ ያለው እጥፋት ነው። አትላስ ውስጥ ካርታው ለሁለት ስለሚታጠፍ እጥፋት መኖሩ ትክክል ነው። የእኔ እጥፋት ግን የታተመ ሥዕል ነበር። በጣቴ ብዳስሰው ለጥ ያለ ነው።

ለሻጩ ጻፍኩ። «ካርታው የ1666 ነው አልን እንጂ ወረቀቱ የ1666 ነው አላልንም» ብሎ መለሰ። ማረጋገጫውን ደግሜ ሳነበው እውነትም የታተመበትን ዓመት የሚናገር ቃል የለበትም። በአውሮፓ ኅብረት ከነጋዴ በኢንተርኔት የገዛችሁትን ዕቃ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ። እኔ ፍሬም ሠሪው ጋ የሄድኩት በ20ኛው ቀን ነው።

እውነተኛ ቢሆንም ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ፎርብስ ስማይሊ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ በ2005 በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተይዞ ወደ መቶ የሚጠጉ ካርታዎች መስረቁን አምኗል። የተሰረቀ ከገዛችሁ ገንዘቡም ካርታውም ሊሄድባችሁ ይችላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ፎቶ፣ ወደ ብርሃን ተይዞ የተነሳ ፎቶ፣ የመስመሩንም ቅርብ ፎቶ ጠይቁ። «ይህ ወረቀት የታተመው በዚህ ዓመት ነው» ብሎ በጽሑፍ ይስጣችሁ። እንቢ ካለ ተዉት።