የዓይን ፎቶው ስለ እግሬ የነገረኝና ያልነገረኝ

ለጥምቀት ሥራ በበዛበት ሰሞን ነው። አንድ ማታ ሸበጤን ላወልቅ ስል የግራው ከተረከዜ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለኝ። መብራት አብርቼ ሳየው ስፒል ነው፤ ቀሚስ ስለካ ከእጄ የወደቀ፣ ራሱ ነጭ የሆነ ስፒል ሸበጡን ከሥር ወግቶ ተረከዜ ውስጥ ገብቷል። ከምሳ በኋላ ከስፌት መኪናዬ አልተነሣሁምና ከዚያ በፊት የገባ መሆን አለበት። ያን ሁሉ ሰዓት ፔዳል ረግጬበታለሁ ማለት ነው። ስነቅለው ደም ወጣ፤ ሕመም ግን አልነበረም። ያስደነገጠኝም ደሙ ሳይሆን አለማመሙ ነው።

ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ። ስኳር እንዳለብኝ የተነገረኝ በ2006 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ማታ ማታ ውስጥ እግሬን ሚጥሚጣ እንደተነሰነሰበት ሲያቃጥለኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ነው እያልኩ ለሐኪም ሳልናገር ቆየሁ። ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል።

የስፒሉን ነገር ዶሃ ለምትሠራው ታናሽ እህቴ በስልክ ነገርኳት። እሷም ስኳር አለባት። «እታለም፣ እኔን እኮ እዚህ ለጥናት ብለው ስኳር በነርቤ ላይ ያደረሰውን ጉዳት በዓይኔ በኩል አዩልኝ» አለችኝና የራሷን ምስል በቴሌግራም ላከችልኝ። ጥቁር መደብ ላይ ነጫጭ ክሮች ተዘርግተዋል። ሸማኔ የወጠረው ድር ይመስላል። አንዳንዱ ክር ቀጭን ቅርንጫፍ አውጥቶ ጎኑ ካለው ጋር ይያያዛል። በአንድ በኩል ግን ድሩ ሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጠላ መሐሉ ላይ እንደሚሳሳው። ሠላሳ ዓመት ክር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝና ምን እንደጎደለ ለማየት ሐኪም አላስፈለገኝም።

በነጋታው ሐዋሳ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ደወልኩ። «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ በዓይን በኩል ነርቭ ታያላችሁ ወይ?» ስል ስልኩን ያነሣችው ልጅ «አዎ፣ ነርቩም ይታያል» አለችኝ። በዚያች መልስ ላይ ተማምኜ የሦስት ቀሚስ ስፌት የሚያህል ገንዘብ ይዤ ሄድኩ።

አገልግሎቱን ልናገር። ንጹሕ ነው፤ ወረፋው አይንዛዛም፤ ካርድ ባወጣሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተጠራሁ። መጀመሪያ ፊደል አስነበቡኝ፣ የዓይኔን ግፊት ለኩኝ፤ ከዚያ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረጉብኝ። ጠብታው ትንሽ ያቃጥላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቄ ወደ ካሜራው ክፍል ገባሁ። አገጬን ማሳረፊያው ላይ አድርጌ አረንጓዴ ነጥብ እንዳይ ነገሩኝ፤ ብልጭ፣ ሌላው ዓይን፣ እንደገና ብልጭ። አለቀ። ሕመም የሚባል ነገር የለውም፤ ፈርታችሁ የቀራችሁ ካላችሁ አትፍሩ።

ፎቶ ያነሣችኝ ልጅ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ ብዙ አልገጠመኝምና ከልብ አመሰግናታለሁ። ብርቱካን ቀለም ያለው ክብ ነው፤ ቀያይ የደም ሥሮች ከአንድ ደማቅ ቢጫ ክብ እየወጡ ይበተናሉ። «ይሄ ቢጫው ነርቩ ነው እናቴ» አለችኝ።

«የእግሬ ነርቭ መጎዳቱ በዚህ ይታወቃል ማለት ነው?» አልኳት፤ እህቴ ዶሃ እንዴት እንደታየችም ነገርኳት።

እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። «አይ እናቴ፣ ይሄ ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ነው። የእግርዎን አይነግረንም። እኛ የምናነሣው የዓይንን ጀርባ፣ ሬቲናውን ነው። እህትዎ የታዩበት መሣሪያ የዓይንን ፊት የሚያይ ሌላ ነው፤ እኛ ጋ የለም።»

ወደ ሐኪሙ ስገባ በግራ ዓይኔ ሬቲና ላይ ጥቂት ቀያይ ነጠብጣቦች እንዳሉ ነገሩኝ። ከሳሱ ደቃቅ የደም ሥሮች የሚመጡ፣ ስኳር ዓይንን መንካት ሲጀምር የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ስኳሬንና ደም ግፊቴን ተቆጣጥሬ በዓመቱ እንድመለስ አዘዙኝ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ መርፌ ውስጥ ክር ያለ መነጽር የማስገባ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ተነክቷል ብሎ ማን ያስባል? ሬቲና እየተጎዳ እይታ ደህና ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለዚህ ለብቻው የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጠብታው ለሰዓታት እይታ እንደሚያደበዝዝ አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ስወጣ እኩለ ቀን ነበር፤ የሐዋሳ ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ሲያንጸባርቅ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። የባጃጁ ሹፌር እጄን ይዞ አስገባኝ፤ እግዜር ይስጠው። ቤት ስደርስ ለማግሥቱ የቀጠርኩት የሁለት ልጆች ዩኒፎርም ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ የመርፌዋ ቀዳዳ አልታይ አለኝ። ስልክ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩኝ ሰው ይዤ፣ ኮፍያ አድርጌ፣ ሥራዬንም አስተካክዬ እሄድ ነበር።

ሁለተኛው የባሰ ነው። «ነርቩም ይታያል» ማለት ለእኔ ሌላ፣ ለእነሱ ሌላ ነበር። ያቺ ልጅ ባትነግረኝ ኖሮ «ነርቤ ታይቷል፣ ደህና ነኝ» ብዬ ወደ ቤቴ እገባ ነበር፤ ተረከዜ ላይ ቁስል ይዤ። ስልክ የሚያነሣ ሰው ስኳር አለብኝ ለሚል ደንበኛ «የምናየው የዓይንን ጀርባ ነው፤ እግርዎን ደግሞ ክትትልዎ ጋ ያሳዩ» ቢል ምን ይከብደዋል? ካርዱም ላይ ስለ እግር የሚጠይቅ መስመር የለም።

የእህቴ መሣሪያ ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ጠይቄም አንብቤም ገባኝ። ኮርኒያ የሚባለው ከብሌኑ ፊት ያለው መስታወት የመሰለ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የደም ሥር የለውም፤ ነርቭ ግን ከሰውነታችን ሁሉ በላይ ተጠቅጥቆ ያለው እዚያ ነው። ዓይናችን ውስጥ ቅንጣት አቧራ ስትገባ እንደዚያ የሚያንገበግበን ለዚህ ነው። ነርቮቹ ሕመምንና ሙቀት ቅዝቃዜን የሚያደርሱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ስኳር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላውም እንደነዚህ ያሉትን ቀጫጭን ነርቮች ነው። እግር ላይ እነሱን በማይክሮስኮፕ ለማየት ሦስት ሚሊሜትር ያህል ቆዳ ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል። ዓይን ላይ ግን ሽፋኑ ብርሃን ያሳልፋልና ሳይቆረጥ ይታያሉ።

መሣሪያው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ይባላል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረጋል፤ ጄል የተቀባው ጫፉ ኮርኒያውን ይነካል፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ብሌን ማስፋትም አያስፈልገውም። አንዱ ምስል የሚሸፍነው ወርዱ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ቦታ ነው፤ እዚያች ላይ ክሮቹ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደረዘሙ፣ ስንት ቅርንጫፍ እንዳወጡ ይቆጠራል። ፕሮፌሰር ራያዝ ማሊክና ባልደረቦቻቸው እንግሊዝ አገር ማንችስተር ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2003 በዚህ ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። እሳቸው ወደ ዶሃ፣ ዌይል ኮርኔል ኳታር የሕክምና ትምህርት ቤት ሄደው ሥራውን ቀጥለዋል። ቆሽትና ኩላሊት አብሮ የተተከለላቸው የዓይነት አንድ ስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ስኳራቸው ሲስተካከል የኮርኒያ ነርቮቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው ማቆጥቆጥ መጀመራቸው በዚሁ መሣሪያ ታይቷል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የተበጠሰ ክር መልሶ ይቀጠላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ይሁንና መሣሪያው በአብዛኛው የሚሠራበት በጥናት ላይ ነው። ኮርኒያን የሚያመው ሌላ በሽታም ነርቮቹን ያሳሳቸዋል፤ ስለዚህ ምስሉ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። እዚህ የለም ብዬ ክሊኒኩን አልከስስም።

እግሬን ያየችልኝ ክትትል የማደርግበት የመንግሥት ሆስፒታል ያለች ነርስ ናት። ያወጣችው ዕቃ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች መረብ ከሚጠግኑበት ናይለን ክር አይለይም፤ ጫፏ ላይ እጀታ ያላት አጭር ክር ናት። አሥር ግራም ሲጫናት እንድትጎብጥ ሆና የተሠራች ነች። «ዓይንዎን ጨፍነው ሲሰማዎት አዎ ይበሉኝ» አለችኝ። ቀኝ እግሬ ላይ ሁሉንም አዎ አልኩ። ግራው ላይ አንዴ አዎ ካልኩ በኋላ ጸጥ አለ። ገና አልነካችኝም ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሦስት ቦታ ነክታ ጨርሳ ነበር።

ይህቺ ክር የምትይዘው ጉዳቱ ገፍቶ ወፋፍራሞቹን ነርቮች ሲነካ ነው። የእህቴ መሣሪያ ከዚያ ቀድሞ ያያል፤ ልዩነታቸው እዚያ ላይ ነው። ግን ክሯ ገንዘብ አልጠየቀችኝም፣ አምስት ደቂቃም አልፈጀች፤ ማቃጠሉ የጀመረኝ ጊዜ ብናገር ኖሮ ያኔውኑ ትደረግልኝ ነበር። ሐኪሙ ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት የወሰደ ሰው ቪታሚን ቢ12 ሊያንሰው እንደሚችል፣ እሱ ማነሱም ራሱ ነርቭ እንደሚጎዳ ነግሮኝ የደም ምርመራ አዘዘልኝ። ሜትፎርሚን የምትወስዱ ይህንንም ጠይቁ።

ለዓይን ፎቶው ከአምስት አራት እሰጣለሁ። ለምታነሣው ልጅ አምስት። ስልክ ለሚያነሡት ሁለት፤ ይህን ለክሊኒኩ ኃላፊም ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ፤ ሰምቶኛል። የምትሄዱ ሰዎች ጠዋት ሂዱ፣ ሰው ይዛችሁ፣ ኮፍያ አድርጋችሁ፤ ለዚያ ቀን የመርፌ ሥራ አትቀጠሩ። ፎቶውንም በስልካችሁ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ እኔ ጠይቄ ልከውልኛል፤ በዓመቱ ከአዲሱ ጋር አስተያያቸዋለሁ።

ሸበጡን ጥዬዋለሁ። አሁን ቤት ውስጥም የምሠራው ሶሉ ወፍራም በሆነ ዝግ ጫማ ነው፤ ማታ ከመተኛቴ በፊት የወንድሜ ልጅ ውስጥ እግሬን በስልኩ ባትሪ እያበራ ያይልኛል። ስፒሎቼን ደግሞ በማግኔት ሰሐን ላይ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ እቆጥራለሁ።