የጣና ዳሩ የእግረኛ መንገድ፣ እኔ እንዳየሁት

ሐኪሙ "ለስኳርዎ መድኃኒት ብቻ አይበቃም፣ በየቀኑ ይራመዱ" ካለኝ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የምገኘው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። ሁለት ክረምት አለፈኝ። ይህን መንገድ ጉልበቴ በደንብ ያውቀዋል።

ከሁሉ የምወደው ዋርካዎቹን ነው። በሚያዝያ ሙቀት ከሥራቸው ስትገቡ ፊታችሁ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይሰማችኋል። ራቅ ብሎ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ቁጭ ብሎ ይቀዝፋል። ይህን ለማየት ማንም አያስከፍልም፤ ሁሌም እንዲህ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ከመንገዱ አንዱን ክፍል የያዘው ከከተማው ጋር የተዋዋለ ካፌ ነው። ንጣፉን አነጠፈ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፣ መጸዳጃ ቤት ሠራ። በምላሹ እዚያው ቡና ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምራል። ሳይነጋ ይጠረጋል። መጸዳጃው ውኃም ሳሙናም አለው፤ በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባለፈው ጥር ግን የካፌው ወንበሮች ቀስ በቀስ ወደ መንገዱ ወጡ። አንድ ቀን ጭራሽ ገመድ ተወጥሮ አገኘሁ። ጥበቃው "እትዬ፣ በወዲያ ይዙሩ፣ ይሄ ለደንበኛ ነው" አለኝ። ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ አልተቆጣሁትም። ዞሬ በአስፋልቱ፣ በባጃጅ መሀል ሄድኩ። በጣም ከፋኝ። ባለቤቱን ሳናግረው በትሕትና ሰማኝ፣ ወንበሮቹንም አስነሳ። ዳሩ ግን እሑድ እሑድ ይመለሳሉ። ውሉ ስለ ጽዳት እንጂ ስለ መተላለፊያው ስፋት አይናገርም አለኝ።

ማንም ያልተዋዋለበት ክፍል ደግሞ ሰፊና ነፃ ነው፤ ግን የሚጠብቀው የለም። የዋርካ ሥር አንዱን ንጣፍ አንስቶታል፤ ጠርዙ አንድ ጣት ያህል ወጥቷል። በሰኔ እሱ አደናቅፎኝ አውራ ጣቴ ቆሰለ። ስኳር ያለበት ሰው የእግር ቁስል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለመዳን ወር ከሳምንት ፈጀ። ንጣፉ ዛሬም እንዳለ ነው።

ስለዚህ የግል ባለሀብት ከመንገዱ ይውጣ አልልም። በአገራችን የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣ ቆይቷል። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፦ ባለሀብቱ ይሠራል፣ ለረጅም ጊዜ ያስተዳድራል፣ ከኪሳራውም ድርሻውን ይሸከማል። የእኛ ሰፈር ውል ትንሽ ቢሆንም በዚሁ መንፈስ ይጻፍ። ለእግረኛ ስንት ሜትር ክፍት እንደሚሆን በቁጥር ይቀመጥ። የተነሳ ንጣፍ በስንት ቀን እንደሚጠገን ይጻፍ። ያ ካልተፈጸመ ካፌው ይቀጣ። ከሁሉ በፊት ግን መሬቱ ላይ ነጭ መስመር ይሰመር፤ ወንበር ያንን አይለፍ።

ጉልበት ካላችሁ በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሄዳችሁ እዩ። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው። እግረኛው በራሱ፣ ብስክሌቱም በራሱ መስመር ይሄዳል። እዚያ ስራመድ ማንም ዙሪ ብሎኝ አያውቅም።

ሐይቁ ዳር ከሄዳችሁ ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ። እሑድን ግን ተዉት።